ለጠያቂዋ እህት፦ ትልቁን ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱት

ውድ እህቴ፣ የለጠፉትን ጥያቄ ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ አነበብኩት። ሜሪላንድ ከገቡ ስምንት ወር እንደሆነዎት፣ ሁለተኛ ክፍል ያለችው ልጅዎ በቦርሳዋ የምታመጣው ወረቀት ሁሉ በእንግሊዝኛ እንደሆነ፣ መምህሯ በሚቀጥለው ሐሙስ ልታነጋግርዎት እንደጠራችዎትና ቋንቋው ስለሚያስፈራዎት ስድስተኛ ክፍል ያለውን ትልቁን ልጅዎን ሊወስዱት እንዳሰቡ ጽፈዋል። ከሥር አስተያየት የሰጡት አብዛኞቹ «ምን ችግር አለው፣ ልጆቹ ከእኛ ይሻላሉ» ብለዋል። እኔ ግን እባክዎን አይውሰዱት እላለሁ፤ ምክንያቴን በተራ ቁጥር ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

አንደኛ፣ ከሐሙስ በፊት፣ ልጅዎን ሲያስመዘግቡ የቤት ውስጥ ቋንቋ መጠይቁን ምን ብለው እንደሞሉት ያጣሩ። ካላስታወሱ ቢሮ ሄደው ኮፒውን ይጠይቁ። አንዲት ገጽ ናት፤ ልጁ አፉን የፈታው በምን ቋንቋ ነው፣ እቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የትኛው ነው፣ ልጁ ራሱ አዘውትሮ የሚናገረውስ የትኛውን ነው ብላ ትጠይቃለች። እዚያው ወይም ሌላ ቅጽ ላይ ደግሞ ደብዳቤ በየትኛው ቋንቋ እንዲደርስዎት እንደሚፈልጉ የምትጠይቅ አጭር መስመር አለች። የእኔ መከራ ሁሉ የተጀመረው ከዚህች ገጽ ነው።

እኔ ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ደሴ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። ዲቪ ደርሶን እ.ኤ.አ. በ2016 ስንመጣ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነበር። ያስጠጋን ዘመዳችን «አማርኛ ብለህ ከጻፍክ ልጅህን ለይተው ዝቅተኛ ክፍል ይከቱታል፣ ከዚያ ወዲያ አይወጣም» ብሎ መከረኝ። ምክሩን ባልሰማም ኖሮ ክብሬ አይፈቅድልኝም ነበር፤ የኒውተንን ሕጎች በእንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ምን ሲባል አስተርጓሚ እጠይቃለሁ ብዬ በአራቱም ቦታ «እንግሊዝኛ» ብዬ ጻፍኩ። የጥቁር ሰሌዳ ጽሑፌ ድሮም ይመሰገን ስለነበር አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ልጄ በዚያን ጊዜ ከ«ሄሎ» እና ከጥቂት የቀለም ስሞች በቀር አንዲት ቃል አያውቅም ነበር።

ቅጹ ላይ ሌላ ቋንቋ ሲገኝ ትምህርት ቤቱ ልጁን በአጭር ፈተና ይመዝነዋል፤ የሚያስፈልገው ከሆነ ኢሶል የሚባለውን የቋንቋ ድጋፍ ይመድብለታል፤ ይህንንም ዓመቱ በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ለወላጅ በደብዳቤ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ወላጅ ድጋፉን አልፈልግም ማለት ይችላል፤ ልጁ ግን በየዓመቱ የሚሰጠውን የቋንቋ ፈተና መውሰዱ አይቀርለትም። አራት ጊዜ «እንግሊዝኛ» ብሎ ለጻፈ አባት ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አይደረግለትም። ልጄን ማንም አልፈተነውም፤ ለእኔም ማንም አልጻፈልኝም። ዘመዴ እንደ እስር ቤት ይፈራው የነበረው ኢሶል፣ ኋላ ሄጄ እንዳየሁት፣ አንዲት መምህርት ከአራት አምስት ልጆች ጋር ክብ ጠረጴዛ ከብባ በቀን ግማሽ ሰዓት የምታስተምረው ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፣ ልጅን በቤተሰብ ጉዳይ፣ በተለይም በራሱ ጉዳይ፣ አስተርጓሚ አያድርጉ። የእርስዎ ልጅ ስለ እህቱ እንጂ ስለ ራሱ እንደማይተረጉም አውቃለሁ፤ ቢሆንም ነገሩ አንድ ነው፤ የእህቱን ጉድለት ለእናቱ ማርዳት ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው። የእኔ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ሳለ ኅዳር ላይ የወላጅና የመምህር መገናኛ ቀን ደረሰ። እኔ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ጋራዥ ነበር የምሠራው፤ የሚተካኝ ሰው ስላጣሁ ባለቤቴ ልጁን አስከትላ ሄደች። ኋላ እንደተረዳሁት መምህርቷ የነገረቻት፣ ልጁ የሚያነበው በአንደኛ ክፍል ደረጃ እንደሆነ፣ ክፍል ውስጥ ቃል እንደማይተነፍስ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ነፃ የንባብ ቡድን ስላለ ቅጹን ሞልተን እስከ ዓርብ እንድንመልስ ነው። ልጄ ለእናቱ የተረጎመላት ግን «ጎበዝ ነው፣ ጸባዩም ጥሩ ነው፣ መጽሐፍ ግዙለት ትላለች» ብሎ ነው። ባለቤቴ በደስታ ስትመለስ መንገድ ላይ ፒዛ ገዛችለት። ቅጹን ያገኘሁት ሰኔ ላይ ነው፤ ቦርሳው ሥር ከደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ጋር ተጣብቆ።

በመካከሉ ጥር ላይ ካርድ መጥቶ ነበር። በልጄ ትምህርት ቤት ነጥቡ ከ1 እስከ 4 ነበርና በንባብ ትይዩ 2 ይላል። ባለቤቴ ሁለተኛ የወጣ መስሏት ደሴ ደውላ አማቴን በእልልታ አስነሳቻት። እኔም መምህር ነኝ ባዩ «ከስንት ተማሪ?» ብዬ ጠየቅኩ እንጂ እዚህ አገር በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንደኛ፣ ሁለተኛ ብሎ ደረጃ ማውጣት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ 2 ማለትም ልጁ ገና አልደረሰበትም ማለት እንደሆነ አልገባኝም።

በሰኔ ቅጹንና ካርዱን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። የሥራ ቀኔን ክፍያ ትቼ ነው የሄድኩት። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ጸሐፊ ቀና ሳትል «ቀጠሮ አለህ?» አለችኝ። የለኝም አልኩ። ማስረዳት ስጀምር አነጋገሬ ከበዳትና ድምፅዋን ከፍ፣ ንግግሯን ዝግ አድርጋ፣ ልክ እንደ ደንቆሮ ሰው ታናግረኝ ጀመር። በሁለት ዓመት ውስጥ በአማርኛ አንዲት ወረቀት ያልተላከልኝ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት መሳቢያ ከፍታ ያችን ገጽ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችልኝ። የገዛ እጅ ጽሑፌ። አራት ጊዜ። ጣቷን በአራቱም ላይ እያሳረፈች አሳየችኝ። ከዚያ «ለማንኛውም ልጅህ ያስተረጉምልሃል» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። በዚያች ሴት እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል፤ በገጹ ላይ ግን የማሳብበው ሰው አልነበረኝም።

ያዳነችን የኢሶሏ መምህርት ናት። ኮሪደር ላይ ፊቴን አይታ ጠራችኝና የቋንቋውን ቅጽ እንዳስተካክል ነገረችኝ፤ ያን ዕለቱን በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ ደውላ ሃያ ደቂቃ አነጋገረችኝ። ልጁ በመስከረም ተፈተነ፣ ድጋፉን አገኘ፣ በሁለት ዓመት ውስጥም ጨርሶ ወጣ። አሁን አሥረኛ ክፍል ነው፤ ፊዚክስ ላይ ደግሞ አባቱን አላሳፈረም፣ ይህችን ሳልናገር አላልፍም። ነገር ግን ሊረዳበት ይገባ የነበረው ሁለት ዓመት ሄዷል፤ ሦስተኛ ክፍል ላይ ጮክ ብለህ አንብብ ሲባል ሆዴን አመመኝ እያለ ወደ ነርሷ ክፍል ይሄድ የነበረውም በዚያ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ መጠራትን አይፍሩ። በእኛ አገር «ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ ወይ ተደባድቧል ወይ መስኮት ሰብሯል። አባቴ የእኔን ትምህርት ቤት ግቢ የረገጠው ለምዝገባና ሰኔ 30 ካርድ ለመውሰድ ብቻ ነው። እኔ ራሴም የክፍል ኃላፊ ሳለሁ ወላጅ የማስጠራው ለቅጣት ነበር፤ ስለዚህ እዚህ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር። እዚህ አገር ግን የሁሉም ልጅ ወላጅ ነው የሚጠራው፤ እንዲያውም የቀረ ወላጅ ግድ የሌለው ተደርጎ ይቆጠራል። ሌሊት ሠርቶ ቀን የተኛ ሰው ግድ የለሽ አይደለም፤ ነገር ግን ይህን የሚነግራቸው ከሌለ መምህራኑ አያውቁትም። ሰዓቱ ካልተመቸዎት በስልክ እንዲያደርጉት ይጠይቁ፤ ይፈቅዳሉ።

አስተርጓሚ መጠየቅን እንደ ልመና አይዩት። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በዘርና በትውልድ አገር ምክንያት ሰው እንዳይገለል ይከለክላል፤ በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳን ፍራንሲስኮ የቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ ላይ ልጆችን በማይገባቸው ቋንቋ ብቻ ማስተማር ይህንኑ ሕግ እንደሚጥስ ወስኗል። ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ አስተርጓሚ የሚያቀርቡት በዚህ መሠረት ነው፤ ወላጁ አይከፍልም። በማርች 2025 ፕሬዚዳንቱ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ የሚያደርግ ትእዛዝ ስላወጡ «አስተርጓሚ ቀርቷል» የሚሉ ሰዎች በዚሁ ቡድን አይቻለሁ፤ ትእዛዙ የ1964ቱን ሕግ አልሻረም፣ ሊሽርም አይችልም። ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አላት። አማርኛም እንግዳ ቋንቋ አይደለም፤ የሞንጎመሪ ካውንቲ፣ የፌርፋክስና የአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ መረጃ ከሚያወጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ምናልባት ንግግሩ ወደ ልዩ ፍላጎት ትምህርት፣ አይኢፒ ወደሚሉት ዕቅድ፣ ካመራ ያለ አስተርጓሚ አንድም ነገር ላይ አይፈርሙ፤ ልጅን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመመርመር የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል፣ በዚያ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ማቅረብም የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ሐሙሱ ስብሰባ። ዛሬውኑ ለመምህሯ መልእክት ይላኩ፤ «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ብቻ ይበቃል። አስተርጓሚው በስልክም ቢሆን የሚነገረው ሁሉ ሁለት ጊዜ ስለሚነገር የተሰጠዎት 15 ወይም 20 ደቂቃ ሳያስቡት ያልቃል፤ ጊዜው እጥፍ እንዲሆንልዎት አስቀድመው ይጠይቁ። ሲነጋገሩ መምህሯን እያዩ ይናገሩ፤ በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ ያቁሙ። የአገሩ መምህራን ሁልጊዜ በምስጋና ነው የሚጀምሩት፦ ልጅዎ ጣፋጭ ናት፣ ክፍሉን ታደምቀዋለች ይላሉ። ይህን እንደ ውጤት አይቁጠሩት፤ ዋናው ነገር «ነገር ግን» ከሚለው በኋላ ይመጣል። እርሱም ካልመጣ እርስዎ ይጠይቁ፦ ልጄ በንባብና በሒሳብ ከክፍሏ ደረጃ በላይ ናት፣ እኩል ናት ወይስ በታች? በታች ከሆነችስ ትምህርት ቤቱ ምን እያደረገላት ነው? እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልጠየቅኩት ይህንን ነው።

መምህራን መልእክት የሚልኩበትን አፕሊኬሽን ስልክዎ ላይ ይጫኑና ቋንቋውን ወደ አማርኛ ይቀይሩት፤ ለዕለት ተዕለቱ ይጠቅማል። በትርጉሙ ግን ሙሉ በሙሉ አይተማመኑ። አንድ ቀን ለባለቤቴ «ነገ ተማሪዎች በ12:30 ይፈታሉ» የሚል መልእክት ደረሳት። ልጆቹን ማን አሰራቸው ብላ በድንጋጤ ደወለችልኝ፤ ለካ ኧርሊ ሪሊስ የሚሉት፣ ግማሽ ቀን ብቻ የሚማሩበት ቀን ነው። አስቀን አለፈ፤ ነገር ግን ጎረቤታችን ያንኑ መልእክት እንደ ቀልድ አልፋው ልጇ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰዓት ጠብቋታል።

አምስተኛ ብዬ የምጽፈው ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ ነበር፤ እርሱ ላይ ግን ጥቂት ቅሬታ አለኝ። የባህል ምሽት ሲመጣ ሁሉም ያስታውሱናል፤ «እንጀራ ይዛችሁ ትመጣላችሁ?» ይላሉ፤ ባለቤቴም አርባ ሰው የሚያበላ ወጥ ትሠራለች። የወላጅ ማኅበሩ ስለ በጀትና ስለ ንባብ ፕሮግራም ሲወያይ ግን የሚጠራን አልነበረም። አንድ ማክሰኞ ምሽት ሳልጠራ ሄድኩና ስለ አስተርጓሚ ጉዳይ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተናገርኩ፤ አንዲት የኤልሳልቫዶር እናት ቀጥላ ተነሣች፣ ከዚያም አንድ የቬትናም አባት። በሚቀጥለው ዓመት የምዝገባ ጠረጴዛው ላይ የቋንቋውን ቅጽ የሚያስረዳ ሰው ተቀመጠ። በመጀመሪያው ሳምንት አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችን ያስረዳሁት እኔ ነበርኩ፤ ያቺው ጸሐፊ ቡና አመጣችልኝ።

አራተኛ ክፍል ያለችው ትንሿ ልጄ ስትመዘገብ በአራቱም ቦታ «አማርኛ» ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ጽሑፌን እንደ ድሮው አሳምሬ።

ለመምህሯ የሚልኩትን መልእክት ረዘም አድርጌ ልጽፍልዎት ከፈለጉ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፤ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ሥራ ላይ ስለሆንኩ ከዚያ በኋላ እመልሳለሁ። ትልቁን ልጅዎን እቤት የሚተዉለት ሰው ከሌለዎት ሐሙስ ይዘውት ይሂዱ፤ ነገር ግን ኳሱን ይዞ ኮሪደር ላይ ይጠብቅዎት።