የኋላ ታምቡር ፍሬንን በዲስክ ማስለወጥ

ጥያቄ፦ ዕድሜዋ የገፋ አነስተኛ የቤት መኪና አለችኝ። የፊት ፍሬኗ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እየላላ ስለሚያስቸግረኝ የኋላውንም ወደ ዲስክ ላስለውጥ አስቤአለሁ። ሥራው ከባድ ነው? መኪናዋስ ከዚያ በኋላ በአጭር ርቀት ትቆማለች?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ስንነሣ፣ የመቆሚያ ርቀቷ ይህን ያህል አያጥርም። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያዘነብል፣ በተለይ ሞተራቸው ከፊት በሆነ ትንንሽ መኪኖች ላይ ከማቆሙ ሥራ 70 በመቶ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ የሚሸከመው የፊቱ ፍሬን ነው። ቁልቁለት ላይ ፔዳል የሚላላው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይት ግሎ ሲፈላ ነውና፣ ከሁሉ በፊት ዘይቱን ያስለውጡ፣ የታምቡሩን ሸራ (ታምቡሩን ከውስጥ እየገፋ የሚይዘውን) ያስጠብቁ፣ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ይውረዱ። ምናልባት ችግሩ እዚሁ ላይ ያበቃ ይሆናል።

ዲስክ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፣ ውሃ ከነካው በኋላም ቶሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ መለወጡ ከንቱ ነው አንልም። ከወሰኑ ግን የዚያው ሞዴል ሆኖ ከፋብሪካ የኋላ ዲስክ ይዞ የወጣ መኪና ይፈልጉና ዕቃውን ሳይነጣጥሉ ይውሰዱ፤ ኩሽኔታው ከነመቀመጫው፣ ካሊፐሩ (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ክፍል) ከነመያዣው፣ የእጅ ፍሬን ገመዱ፣ ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው)፣ እንዲሁም ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚቀንሰው ቫልቭ አብረው ይምጡ። ታምቡር ውስጥ አንደኛው ሸራ በታምቡሩ መዞር እየተሳበ ራሱን በራሱ ያጠብቃል፤ ዲስክ ይህ ባሕርይ ስለሌለው የበለጠ የዘይት ግፊት ይፈልጋል፣ የካሊፐሩም ፒስተን ሰፊ ስለሆነ በአሮጌው ማስተር ሲሊንደር ፔዳሉ ወደ ታች ሊርቅ ይችላል። ለታምቡር የተሠራውን ቫልቭ እንዳለ ቢተዉት የኋላው ፍሬን ይሰንፋል። ጨርሶ አውጥቶ መጣሉ ግን ከዚህም የከፋ ነው፤ የኋላ ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ከቆለፈ መኪና ይሽከረከራል። በእጅ የሚስተካከል አንድ ቫልቭ ለሁለቱም የኋላ ጎማዎች እንግጠም የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት መጀመሪያ መስመሩን ያሳዩት፤ በብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ የፍሬኑ መስመር በሰያፍ (የፊት ግራው ከኋላ ቀኙ፣ የፊት ቀኙ ከኋላ ግራው ጋር) ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ቫልቭ ማገናኘት አንዱ ሲፈስ ሌላው እንዲያድን የተሠራውን ጥበቃ ያፈርሳል።

መካኒኮችን በብዛት የሚያታልለው የካሊፐሩ ግራና ቀኝ ነው። አየር ማውጫው ቡሎን ከላይ በኩል መሆን አለበት፤ ካሊፐሮቹ ከተለዋወጡ ቡሎኑ ወደ ታች ይዞርና አየሩ ከላይ ታምቆ ይቀራል፣ አየሩን ለማስወጣት ዘይቱ የቱንም ያህል ቢፈስ ፔዳሉ አይጠነክርም። የእጅ ፍሬኑ በውስጡ የተሠራበት የካሊፐር ፒስተንም አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው እየተሽከረከረ ነው፤ በጉልበት ከተገፋ ውስጡ ይሰበራል። ቸርኬው 13 ኢንች ከሆነ ካሊፐሩን እንዳይነካ አስቀድሞ መለካት ይበጃል። ሥራው ሲያልቅ ሰውና መኪና በሌለበት ሰፊ ሜዳ፣ በዝግታ እየነዱ ፍሬኑን አጥብቀው ይያዙ፤ ቀድሞ የሚቆልፈው የኋላ ጎማ ከሆነ ቫልቩ ሳይስተካከል መንገድ ላይ አይውጡ።