የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ብራውዘርዎ አይደገፍም» የሚል ኢሜይል

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አራት ኮምፒውተሮች ያሉት አነስተኛ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት አለኝ። ማሽኖቹ ስላረጁና ዊንዶውስ ስለከበዳቸው የእህቴ ልጅ ኡቡንቱ ሊኑክስ ጫነባቸው፤ ፋየርፎክስም አብሮት መጣ። ጽሕፈቱም ሕትመቱም ከበፊቱ ፈጥኗል። ያስቸገረኝ ኢሜይል ነው። ጂሜይል ያላቸው ደንበኞቼ እንደ ልባቸው ይጠቀማሉ፤ በመሥሪያ ቤት ኢሜይል የሚገቡት ግን አንዳንዶቹ «ብራውዘርዎ አይደገፍም» ይባላሉ፣ ለሌሎቹም ፋይል ማያያዣው የት እንዳለ የማይታወቅ የተራቆተ ገጽ ይከፈትላቸዋል። ባለፈው ሳምንት ከሐይቅ ድረስ ሪፖርት ሊልክ የመጣ ደንበኛ ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎኝ ጎረቤቴ ዘንድ ገባ፤ እዚያም ወዲያው ላከ። ወደ ዊንዶውስ ልመለስ ወይስ ሌላ መላ አለው? (ከደሴ)

መልስ፦ ማሽንዎ አልተበላሸም። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ችግር የሚመጣው ገጹን ከሠሩት ሰዎች ነው። ብራውዘር አንድን ድረ ገጽ ሲጠይቅ ራሱን የሚያስተዋውቅበት አንድ መስመር ጽሑፍ አብሮ ይልካል፤ የእርስዎ ፋየርፎክስም በዚህ መስመር ውስጥ የራሱን ስምና «ሊኑክስ» የሚለውን ቃል ይጠቅሳል። በጥንቃቄ የተሠራ ገጽ ስሙን ትቶ ብራውዘሩ የተፈለገውን ሥራ መሥራት ይችል እንደሆነ ይፈትናል፤ በስንፍና የተሠራው ግን ስሙን ከያዘው ዝርዝር ጋር አስተያይቶ ያላገኘውን ይመልሳል። እንግዳን አገሩን ጠይቆ ከደጅ መመለስ በወሎ ነውር ነው፤ በኮምፒውተሩ ዓለም ግን ሠላሳ ዓመት ገደማ የኖረ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሰርቨሮች (ገጾችን የሚልኩት ኮምፒውተሮች) የተሟላውን ገጽ «ሞዚላ» ነኝ ለሚለው ኔትስኬፕ ለተባለው ብራውዘር ብቻ ይልኩ ስለነበር፣ የማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም ሞዚላ ነኝ ማለት ጀመረ፤ ተከታዮቹም ይህንኑ ስለቀዱ ዛሬ ክሮምና ሳፋሪ ሳይቀሩ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት በዚያው ስም ጀምረው ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእነዚህን ስም ያወጣው ግን በር ጠባቂው ነው።

የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ላይ ችግሩ የሚበረታው በምክንያት ነው። ብዙ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ኤክስቼንጅ የተባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨር ለዓመታት የተሟላውን ገጽ ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ሰጥቶ፣ ሌሎቹን በኋላ «ላይት» ወደተባለው የተቀነሰ ገጽ ይመራ ነበር፤ ፋየርፎክስና ሳፋሪ የተሟላውን ያገኙት በ2010 እትሙ ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እ.ኤ.አ. በ2022 ጡረታ ቢወጣም፣ ሰርቨሩን ሳያድስ በቆየ ድርጅት ዘንድ የድሮው ልማድ ከነሰርቨሩ አለ። በላይት ገጽም ቢሆን ፋይል ማያያዝ ይቻላል፤ ቦታው ከለመዱት ስለሚለይ ደንበኛውን ረጋ ብሎ እንዲፈልግ ይንገሩት።

ከሁሉ አስቀድመው ግን የኮምፒውተሩን ቀን ይመልከቱ። የቦርዱ ባትሪ ያለቀበት አሮጌ ማሽን መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ አንዳንድ ሰው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ይሞላና ኮምፒውተሩን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የገጹ የደኅንነት ሰርተፊኬት የሚጸናው በሁለት ቀኖች መካከል ብቻ ስለሆነ ብራውዘሩ ገና ጊዜው ያልደረሰ ሰርተፊኬት ያየ ይመስለውና አልገባም ይላል። «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ቀኑ ትክክል ከሆነ ክሮሚየም የተባለውን ብራውዘር በኡቡንቱው ላይ ይጫኑና ያንኑ ኢሜይል በእርሱ ይክፈቱ። ከተከፈተ ሊኑክስ ከወቀሳው ነጻ ነው፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ ደንበኛ ክሮሚየምን ያቅርቡለት። በእርሱም እንቢ ካለ፣ የማስተዋወቂያውን መስመር የሚቀይር ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚታከል ትንሽ ፕሮግራም) በፋየርፎክስ ላይ ተጭኖ «በዊንዶውስ ላይ ያለሁ ክሮም ነኝ» ይበል። ያን ጊዜ ገጹ በሙሉ ከሠራ፣ የተከለከለው ስሙ እንጂ ችሎታው አልነበረም ማለት ነው። ይህ ማታለያ ለዚያ ገጽ ብቻ ይሁን፤ ሁልጊዜ ከተተወ ሌሎች ገጾች ለክሮም ያዘጋጁትን ልከው ደህና የነበረውን ሊያበላሹ ይችላሉ።

ወደ ዊንዶውስ መመለሱን አልመክርም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት መሣሪያ ስለሚጠይቅ ያረጁ ማሽኖችን አይቀበልም። ስለዚህ የሚመለሱት፣ ቀዳዳው ወደማይደፈን ሲስተም ነው፤ በዚያ ላይ የሰው ሁሉ የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ቤት ነው ያለዎት።

ለራስዎ ኢሜይል ከሆነ ከገጹ ጋር መታገልም አያሻዎትም። ተንደርበርድ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ጭነው ደብዳቤዎቹን አይማፕ በሚባለው የኢሜይል መቀበያ ስልት፣ ይኸውም በፖርት 993፣ መቀበል፣ በፖርት 587 ወይም 465 ደግሞ መላክ ይችላሉ፤ ሰርቨሩ ይህን እስከፈቀደ ድረስ የብራውዘርዎን ስም የሚጠይቅዎት የለም። የደንበኛን ኢሜይል ግን በፍጹም በዚህ መንገድ አይክፈቱ፤ ደብዳቤው ማሽኑ ላይ ይቀራል። ለእነርሱ የግል መስኮት ከፍተው፣ ሲጨርሱ መዘጋቱን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ኢሜይል ስከፍት ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታየኛል። ኢሜይሉ ነው የተበላሸው? (ከወልዲያ)

መልስ፦ የጎደለው ፎንት ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ (ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት ነው) ስለገባ ጽሑፉ በትክክል ደርሶዎታል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጭነው ብራውዘሩን ዘግተው ይክፈቱት። ከሳጥን ይልቅ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ካዩ ግን ጽሑፉ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት የተተየበ ሊሆን ስለሚችል፣ ላኪው በፒዲኤፍ እንዲልክልዎ ይጠይቁት።