«አባዬ፣ በአማርኛ አውራ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። የ43 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምተዳደረው በሂሳብ ሥራ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው። ልጄ አራተኛ ክፍል ናት፣ የምትማረው በግል ትምህርት ቤት ነው። ባለፈው ወር የወላጆች ስብሰባ ነበር። መጥሪያው በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ እኔም መምህሯን በእንግሊዝኛ አናገርኳት። «ዘ ሆምወርክ ኢዝ ቱ ማች» ከማለቴ ልጄ እጄን ጎተት አድርጋ «አባዬ፣ በአማርኛ አውራ» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ምን ሆነሽ ነው ብላት «ጓደኞቼ ሰሙህ» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መሥሪያ ቤትም ያው ነው። ስብሰባ ላይ «ኮምፎርቴብል» ስል አዲስ የገቡት ወጣቶች ተያይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ አፌን አልከፍትም። ድሮ አዲስ አበባ ስመጣ በጎጃም አማርኛዬ ተስቆብኛል። እሱን እንደምንም ተወጣሁት፣ አሁን ደግሞ ይሄ መጣ። «አክሰንት እናስተካክላለን» የሚል ማስታወቂያ አይቻለሁ። ልመዝገብ? ወይስ ልጄ ልክ ናት?
የልጅቷ አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎ አንጀቴን በላው። በተለይ ያቺ መስኮት። ልጅዎ ጋ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን የራሴን ልንገርዎት።

እንግሊዝኛ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ነበሩኝ። ከመካከላቸው አንዱ ከገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር ልጅ ነበር። እስከዚያ ድረስ የተማረው በአማርኛ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ባዮሎጂውም ታሪኩም ባንዴ እንግሊዝኛ ሆነበት። አንድ ቀን ተነስቶ እንዲያነብ ጠራሁት። መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ። «አይላንድ» (ደሴት) የሚለው ቃል ጋ ሲደርስ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ «ኢስላንድ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ።

ልጁ ያነበበው የተጻፈውን ነው። በእኛ ፊደል የተጻፈ ሁሉ ይነበባል። ተጽፎ የማይነበብ ፊደል እንዳለ ማን ነገረው? መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ደግሞኮ በዚያ ቃል ውስጥ ያለችው «ኤስ» በስህተት የገባች ናት። ድሮ እንግሊዞቹ ራሳቸው ያለ እሷ ነበር የሚጽፉት፤ ኋላ ከላቲን ከመጣ ሌላ ቃል ጋር አዛምደው ጨመሯት። ይህን ያወቅሁት ልጁ ከክፍሌ ከወጣ በኋላ ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ቀን እጁን አላወጣም። ፈተና ላይ ግን ከሳቁበት ብዙዎቹን ይበልጥ ነበር። ፊቱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ስለዚህ የእነዚያን ወጣቶች ፈገግታ ሲነግሩኝ፣ ምን እንደሚሠራ በደንብ አውቃለሁ።

አሁን ወደ «ዘ» እንምጣ። እንግሊዞቹ በ«ዘ ሆምወርክ» መጀመሪያ ላይ ምላስን ጥርስ መሃል አስገብተው የሚያወጡት ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም። ፈረንሳይኛም ውስጥ የለም፤ ብዙ ፈረንሳዮች «ዘ» ነው የሚሉት። ፈረንሳዊ ሲለው «አነጋገሩ ደስ ሲል» ይባላል። እርስዎ ሲሉት ልጅዎ ፊቷን ታዞራለች። እስቲ ደግሞ ፈረንጅ አማርኛ ሲናገር ያስቡት። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ አይወጡለትም። «ቡና እተታለሁ» ይላል። «ገና»ን ላላ አድርጎ ይሁን አጥብቆ ስለማያውቅ በዓሉ ይሁን ጊዜው ያልደረሰው ግራ ይገባናል። እኛ ግን «ውይ፣ አማርኛ ትችላለህ!» ብለን እናጨበጭባለን። ደግ እናደርጋለን። ያንኑ ደግነት ለራሳችን ሰው መንፈጋችን ነው የሚያናድደኝ።

ልጅዎ ከቪዲዮ እየሰማች ካደገች፣ ውኃን በእንግሊዝኛ «ዋደር» ብላ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ር» ጥቅልል ታደርጋት ይሆናል። የአሜሪካኖቹ ነው። ለንደን ውስጥ የተከበረ የሚባለው አነጋገር ያቺን «ር» አይጠራትም። ኒው ዮርክ ውስጥ ግን «ር»ን መዋጥ የዝቅተኛ ኑሮ ምልክት ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ዊልያም ላቦቭ የሚባል የቋንቋ ተመራማሪ በዚያች ከተማ ሦስት ትልልቅ መደብሮች እየገባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ መኖሩን እያወቀ፣ «እንዲህ ያለ ዕቃ የት ነው?» እያለ ሻጮቹን ጠየቀ። «ፎርዝ ፍሎር» እንዲሉለት ፈልጎ ነው። ውድ መደብር ውስጥ ያሉት «ር»ን አዘውትረው ጠሯት፤ ርካሹ ውስጥ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ዋጧት። አንዲት ድምፅ መዋጥ እዚያ የጌታ፣ እዚህ የድሃ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12ን ያስታውሳሉ? የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት በል» ይሉት ነበር። የኤፍሬም ሰው «ሺ» አይወጣለትም፣ «ሲቦሌት» ይላል። በዚያች ፊደል 42 ሺህ ሰው አለቀ። ማንም ስለ ቃሏ ግድ አልነበረውም፤ የሚፈለገው ሰውየው ከየት ወገን እንደሆነ ነው። ወንድሜ፣ ያኔ በጎጃም አማርኛዎ የሳቁት ሰዎች አማርኛ አይችልም ብለው አይደለም። ከየት እንደመጡ ሰምተው ነው። ዛሬ «ኮምፎርቴብል» ሲሉ የሚሰሙትም የየትኛው ትምህርት ቤት ልጅ እንዳልሆኑ ነው። ቋንቋው ተለወጠ እንጂ ሳቁ ያው ነው።

ጆሮ ራሱ እንደሚያዳላ ደግሞ ተፈትኖ ታይቷል። ዶናልድ ሩቢን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ የተቀዳ ትምህርት እንዲያዳምጡ ተደረገ። ድምፁ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻዋ የሆነ አሜሪካዊት ነው። ለአንዳንዶቹ የነጭ ሴት ፎቶ፣ ለሌሎቹ የእስያዊት ፎቶ አሳዩአቸው። እስያዊቷን ያዩት «አክሰንት አላት» አሉ። ከትምህርቱ የያዙትም ያነሰ ሆነ። ድምፁ ግን ያው አንድ ድምፅ ነበር።

ስለ ኮርሱ፣ አይመዝገቡ። ገንዘብዎን ለልጅዎ የተረት መጽሐፍ ይግዙበት። በ43 ዓመት ምላስን አሜሪካዊ ማድረግ ብዙ ድካም ነው፣ ትርፉም ትንሽ ነው። ይልቅ ሰው እንዳይሳሳትብዎ የሚያደርገውን ይለማመዱ። የሂሳብ ሰው ነዎትና ከቁጥር ይጀምሩ። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በስልክ ሲባሉ ይምታታሉ። ልዩነቱ ያለው ክብደቱ የሚያርፍበት ላይ ነው። 15 ሲሉ መጨረሻውን ጠንከርና ረዘም ያድርጉት፤ 50 ሲሉ መጀመሪያውን ጫን ብለው መጨረሻውን ቶሎ ይልቀቁት። ከዚያ «ዋን ፋይቭ»፣ «ፋይቭ ዜሮ» ብለው አሃዙን ይድገሙ። ከዚህ ስህተት ብር ይጠፋል፤ በ«ዘ» ግን ሳንቲም አይጠፋም። «ኮምፎርቴብል»ም እንዲሁ ነው፦ እነሱ ጨመቅ አድርገው «ከምፍተብል» ይሉታል። አንዴ መስማት ይበቃዎታል፤ የሚያሳፍር ምስጢር የለውም።

አንድ ነገር ልጨምርልዎት፣ ደስ ስለሚለኝ። የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለአብራሪዎች ባወጣው የሬዲዮ አነጋገር፣ ሦስትን «ትሪ»፣ ሺህን «ታውሳንድ» በሉ ይላል። ምላስ ጥርስ መሃል የምትገባበትን ያንን ድምፅ ሆን ብሎ ትቶታል። ዋናው ነገር መግባባት ሲሆን ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ።

መሥሪያ ቤት ዝም ማለትዎን ግን እቃወማለሁ። የዚያን ሂሳብ ጉድለት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ዝም ካሉ ማን ይናገር? የተሰበሰበው ሁሉ አማርኛ የሚችል ከሆነ በአማርኛ ይሁን ብለው ይጠይቁ። የማይችል ሰው ካለ፣ በያዙት እንግሊዝኛ ቀስ ብለው ይናገሩ። ፈገግ ካሉም ዓረፍተ ነገርዎን ይጨርሱ።

አሁን ልጅዎ። እሷን አይቆጧት። የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ አባቷን አትንቅም። የፈራችው ነገ በእረፍት ሰዓት የሚገጥማትን ነው። በአንዳንድ ግቢ አማርኛ ያወራ ልጅ እንደሚቀጣ ልጆች ነግረውኛል። እንዲህ ባለ ቦታ የዋለች ልጅ ሰውን በአነጋገሩ መመዘን ብትለምድ ምን ይገርማል? አንድ ማታ አጠገብዎ ያስቀምጧትና አዲስ አበባ ሲመጡ ምን እንደደረሰብዎ ይንገሯት። የሳቁብዎን፣ ምን ተሰምቶዎት እንደነበር፣ ሁሉንም። ለልጅ ይከብዳል ብለው አይዝለሉት። ከቻሉ ጎጃም ያሉ ዘመዶችዎ ጋ ደውለው ያገናኟትና አማርኛቸውን ትስማ። የማታውቀው ቃል ሲገጥማት ትጠይቅዎት።

የሚቀጥለው ስብሰባ ሲደርስ እጇን ይዘው ይግቡ። መምህሯ የአገራችን ልጅ ከሆነች «እንደምን ዋልሽ» ብለው ይጀምሩና፣ የቤት ሥራው እንደበዛ በአማርኛ ይንገሯት። መቼም ያን ቀን ያ ጉዳይ መልስ ሳያገኝ ነው የተመለሱት።