ልጆቹ አይሰለቹም፤ ጉሙን ብቻ ቅደሙት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳይ የራሴ የመጀመሪያ ጉዞ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ከረዘመብሽ ይቅርታ።

በታኅሣሥ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ የገበሬ ቤት ይዛችኋል፤ አልጋና ቁርስ፣ ሦስት ሌሊት። አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ የ9 እና የ6 ዓመት ልጆች፣ እናትሽም አሉ። «ከቤቱ ወጥተን ምን እናያለን? ልጆቹስ አይሰለቹም ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ እዚያው አካባቢ ሦስት ጊዜ አድሬያለሁ፤ ሁለቱን ከልጆቼ ጋር።

ከሁሉ በፊት ስለ ጉሙ ልንገርሽ። አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ያለ አገር ነው፤ ከሥሩ ቆላ ነው። ጠዋት ጥርት ይላል። ከረፋዱ በኋላ ግን ጉሙ ከቆላ እየተነሣ ሽቅብ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው። እኛ የመጀመሪያ ቀን «በረካ ሳይጠጣማ አይወጣም» ተብለን ሦስተኛውን ቡና ጠጥተን ከቤት የወጣነው 5 ሰዓት ላይ ነው። አንኮበር ስንደርስ ያየነው እርስ በርሳችንን ብቻ ነው። ልጄ «አባዬ፣ ቤተ መንግሥቱ የት ጋ ነው?» ሲለኝ እንዲያው በደፈናው ወደ ጉሙ ጠቆምኩት። በማግስቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን፤ ቡናውን ስንመለስ ጠጣነው። አገሩ ቁልቁል እስከ አፋር በኩል ወለል ብሎ ታየን። ስለዚህ የውጭውን ነገር ሁሉ ጠዋት ጨርሱት፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ሁኑ።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የድሮው ግቢ የነበረበት ኮረብታ በእግር ይወጣል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን የከረመው እዚህ ነው፤ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት እዚሁ ተቀምጠዋል። ግን እንዳትታለሉ፣ ከጥንቱ ሕንፃ የቀረው የግንብ ቁራጭ ነው። ጫፉ ላይ በድሮው አዳራሽ አምሳል የተሠራ ሎጅ አለ፤ ሻይ ጠጥቶ መውረድ ይቻላል። እኔ የወደድኩት አቀማመጡን ነው። እዚያ ቆመሽ ቁልቁል ስታዪ፣ ነገሥታቱ ቦታውን ለምን እንደመረጡት ማንም ሳይነግርሽ ይገባሻል። ከቆላ የሚመጣ ሰው ገና ሩቅ ሳለ ይታያል። (የወፍ ነገር የሚወድ ካለ፣ አንኮበር ሰሪን የምትባል ትንሽ ቡናማ ወፍ መጀመሪያ የተገኘችው እዚህ አካባቢ ነው። እኔ ምናልባት አይቻት ድንቢጥ መስላኝ አልፌያት ይሆናል።)

መንገድ ላይ፣ ገደሉ ዳር፣ ጭላዳ ታያላችሁ። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኝ ዝንጀሮ ነው። ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ሞተሩን አጥፉና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ሣሩን በጣታቸው ሲነጩት ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አንዱን ሲጨርሱ ለመነሣት እንኳን አይቸገሩም፤ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። ልጆቼ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ሳሎን ውስጥ እንደዚያ ሲንፏቀቁ ሳምንት ከረሙ። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ በጣም ተጠግታችኋል ማለት ነው። ዳቦ ግን እንዳትወረውሩ። አንዴ ከለመዱ መከራው ለገበሬው ማሳ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ። ለእነሱ ትልቁ ነገር ያረፋችሁበት ግቢ ነው። አንዱን ቀን ሲነጋጋ ቀስቅሻቸውና ላሟ ስትታለብ ይዩ። መጀመሪያ ጥጃው ይለቀቅና ትንሽ ይጠባል፤ ወተቱ እንዲወርድላት ነው። ከዚያ ተጎትቶ እናቱ ፊት ይያዛል። እሷ እሱን ስትልስ እመቤቲቱ ቶሎ ቶሎ ታልባለች። የኔ ልጅ ሥራው ጥጃ መያዝ ነበር። ጥጃው ጎትቶ እበት ላይ ጣለው። አንኮበርን ሲነሡበት እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለዚያ ጥጃ ነው።

ታኅሣሥ የውቂያ ጊዜም ነው። በሬዎቹ አውድማው ላይ ገብሱን እየረገጡ ሲዞሩ ልጆቹ ከኋላ መከተል ይፈቀድላቸዋል። ስትደርሱ «ያበርታችሁ» በሉ። ለባለቤትሽ መንሽ፣ ጭዱን የሚበትኑበትን እንጨት፣ መስጠታቸው አይቀርም፤ እኔ ግማሽ ሰዓት አልሞላሁም። ልጆቹ ጭዱ ላይ መዝለላቸውም አይቀርም፤ ረጅም እጅጌ አልብሻቸው። የገብስ ገለባ ሌሊቱን ሲያሳክክ ያድራል።

እናትሽን ኮረብታ አታስወጪያቸው። ምድጃ ዳር ከቤቱ እመቤት ጋር ተያቸው። የኔ እናት ከባለቤቲቱ ጋር ሱፍ ሲፈትሉና ሲጫወቱ ውለው፣ ማታ ስንመለስ የት እንደሄድን እንኳን አልጠየቁንም።

ስለ ቁርሱ አንድ ነገር። እስከ ገና ድረስ የነቢያት ጾም ነው። ላሟ ትታለባለች፤ ወተቱ ግን ለሕፃናትና ለቅቤ ነው። ለእናንተ በሶ፣ ቆሎ፣ ትኩስ የገብስ ዳቦ ይቀርባል። እንቁላል የምትፈልጉ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ይሠሩላችኋል፤ ግን እነሱ በጾም ላይ ሆነው እሱን ስትበሉ ትንሽ ይከብዳል። እኔ ተውኩት። በሶውም አልከፋኝም።

ሦስተኛውን ቀን ለደብረ ብርሃን ተዉት። የሥላሴን ቤተ ክርስቲያን እዩ፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ብለው መጀመሪያ ያሠሩት፣ ከተማዋም ስሟን ያገኘችበት ነው። የገበያ ቀን ከገጠማችሁ ባና ፈልጉ። ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው። የበጉ ሽታ መጀመሪያ ያስቸግራል፤ የአዲስ አበባ ክረምት ሲመጣ ግን ታመሰግኑኛላችሁ። አንጎለላ፣ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱበት፣ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ በመንገዳችሁ ነው።

መንዝ ውስጥ ወዳለው የጓሳ ሜዳ ሂዱ የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ጓሳ ግሩም ነው፤ ቀይ ቀበሮ አለ፤ ሣሩንም የመንዝ ገበሬ ቀሮ በሚባል የራሱ ደንብ ለብዙ ትውልድ ጠብቆ ያቆየው ነው። ግን ለብቻው ሁለት ቀን ይፈልጋል። በዚህ ጉዞ አትጨምሩት። ጣርማ በርም እንደዚያው፤ ጣሊያኖች የሠሩትን የመኪና ዋሻና የደብረ ሲናን ቆሎ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ለአከራዮቹ ደውላችሁ አጣሩ። ሳይመሽም ግቡ።

ብርዱን ደግሞ በአዲስ አበባ ብርድ አትለኪው። በታኅሣሥ ውርጭ አለ፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ለእያንዳንዱ ሰው ጋቢ ያዢ፤ ለእናትሽ ሁለት። ባትሪም አትርሺ። እኛ ያረፍንበት ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ ውሻው ደግሞ ሌሊት ይፈታል። በመጀመሪያው ማታ ራት ሳትበሉ የውሻውን ስም ጠይቁ፤ ልጆቹም ዳቦ ይዘው ይተዋወቁት።