ፋይሉ አለ፣ ኢንዴክሱ ግን አያገኘውም፦ ስለ ፓዝ ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ? የሰው ሲ ኮድ ስጎረጉር ነው የምውለው። ሲታግስ፣ ሲስኮፕ፣ ክላንግዲ (ኮድ ውስጥ ምኑ የት እንዳለ ኢንዴክስ የሚይዙ መሣሪያዎች ናቸው)፣ ሁሉም ጋር ተጣልቼ ታርቄያለሁ። የጠባችን ምክንያት ሁሌም ማለት ይቻላል ፓዝ፣ ማለትም የፋይሉ አድራሻ ነው። በሉ ጠይቁ።

ጥ፦ ፕሮጀክቱ እንዳይቆሽሽ ብዬ ታግስ ፋይሉን (ሲታግስ የሚያወጣውን ኢንዴክስ) «.ጊት» ፎልደር ውስጥ፣ የኮድ ለውጥ መዝጋቢው ጊት የራሱን ነገር የሚያስቀምጥበት ጋ፣ ከተትኩት። አሁን ኤዲተሬ ቪም ላይ ወደ ፈንክሽኑ ልዝለል ስል ኢ429 የሚል ስህተት አውጥቶ ፋይሉ የለም ይለኛል። አለ እኮ!

መ፦ አለ፣ ቪም ግን ሌላ ቦታ ነው የሚፈልገው። ሲታግስን ያስነሳኸው ከፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ስለሆነ «ሶርስ/ሜይን.ሲ» ብሎ መዝግቧል። ቪም ደግሞ ሴቲንጉን ካልነካኸው መንገዱን የሚቆጥረው ታግስ ፋይሉ ከተቀመጠበት ፎልደር ተነስቶ ነው፣ ስለዚህ «.ጊት/ሶርስ/ሜይን.ሲ» ጋ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል። «ከታክሲ ስትወርድ በግራ ሦስተኛው በር» ብለውህ ፌርማታውን ሳይነግሩህ ስልኩን እንደዘጉብህ ቁጠረው። ሲታግስን ስትጠራ «ታግ-ሪላቲቭ»ን የስ በለው፤ ራሱ «../ሶርስ/ሜይን.ሲ» ብሎ ይጽፍልሃል። አብሶሉት ፓዝ (ከዲስኩ ሥር የሚጀምር ሙሉ አድራሻ) ተጠቀም የሚሉህ አይጠፉም። ይሠራል፣ ፎልደሩን እስክታዛውረው ድረስ።

ጥ፦ የሲስኮፕ ዳታቤዝ ከሌላ ፎልደር ሆኜ ስከፍት ፋይሎቹን ያጣቸዋል።

መ፦ ሲስኮፕን ስትጠሪ ትልቁን ፒ (-P) ከነፎልደሩ ስጪው፣ ከየስሙ ፊት ይቀጥለዋል። ትንሿ ዲ (-d) አብራ ካልገባች ግን አይሰማሽም።

ጥ፦ ስሙ ውስጥ ስፔስ ያለበት ፋይልስ?

መ፦ ለሲስኮፕ በምትሰጡት ዝርዝር ላይ በድርብ ጥቅስ ክተቱት። እኔን ብትሰሙኝ ስፔሱን አጥፉት።

ጥ፦ ጊት የያዛቸውን ፋይሎች የሚዘረዝረው «ጊት ኤልኤስ-ፋይልስ» ያወጣውን ዝርዝር ለሲታግስ ስሰጠው በአማርኛ የተሰየሙት ፋይሎች ይቀሩብኛል።

መ፦ ይቺ የኔንም ግማሽ ቀን በልታለች። ጊት የኛን ፊደል እንዳለ አያወጣም። ስሙን በጥቅስ ከቦ «ሰ»ን \341\210\260 ያደርጋታል፣ ምስኪኑ ሲታግስ ደግሞ በዚያ ስም የሚጠራ ፋይል ሲፈልግ ይውላል። «ኮር.ኮትፓዝ» የሚለውን ሴቲንግ ኦፍ አድርገው፣ ያልፍልሃል። በነገራችን ላይ አንዷ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ዘዴ) 3 ባይት ትወስዳለች። ኤክስት4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ላይ የፋይል ስም ከ255 ባይት አያልፍም፣ ስለዚህ ጣሪያህ 85 ፊደል ነው። ረጅም ስም የምትወዱ አስቡበት።

ጥ፦ ክላንግዲ ዶከር ኮንቴይነር (የራሱ ፋይሎች ያሉት የተለየ ሳጥን) ውስጥ ነው፣ ኤዲተሬ ውጪ። የአንድ ፈንክሽን ዴፊኒሽን የት እንዳለ ስጠይቀው የሌለ ፓዝ ይሰጠኛል።

መ፦ እሱ የሚያወራው ስለ ኮንቴይነሩ ውስጥ ነዋ! «ፓዝ-ማፒንግስ» የሚል አማራጭ አለው። መጀመሪያ የኤዲተርሽን ፓዝ፣ ከእኩል ምልክቱ በኋላ የኮንቴይነሩን ጻፊ። ከገለበጥሽው አይሠራም። እዚህ ጋ እንኳን አብሶሉት ፓዝ ግድ ነው፣ ቅድም ያልኩትን እንዳትይዢብኝ።

ጥ፦ አንዱ ፈንክሽን ሁለት ጊዜ ይመጣብኛል።

መ፦ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል ወይም ፎልደር የሚጠቁም አቋራጭ) ይኖርሃል፤ ሲታግስ ካልከለከልከው ተከትሎት ይገባል። «ሊንክስ»ን ኖ በለውና እንደገና አስነሳው።