በእሌኒ ደረጃ ግድግዳ ላይ ያሉት መስቀሎች የማን ናቸው?

ጥያቄ፦ ለትንሣኤ በዓል ኢየሩሳሌም ሄጄ ነበር። በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወደ ንግሥት እሌኒ ጸሎት ቤት የሚያወርደው ደረጃ ግድግዳው ስፍር ቁጥር በሌላቸው ትንንሽ መስቀሎች ተሸፍኗል። አስጎብኚያችን የመስቀል ጦረኞች በሰይፍ ጫፍ የፋቋቸው ናቸው ሲል፣ አብረውን የተጓዙ አንዲት እናት ግን አጋንንትን ለማራቅ የተቀረጹ ናቸው አሉኝ። ማንኛቸው ናቸው ትክክል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የአስጎብኚው ታሪክ ለጆሮ ቢጥምም ድንጋዩ አይመሰክርለትም። ጸሎት ቤቱ በአርመኖች ይዞታ ሥር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በተካሄደው እድሳት ምክንያት የእስራኤል የቅርስ ባለሥልጣን ተመራማሪዎች ግድግዳውን በቅርብ የማየት ዕድል አግኝተው፣ መስቀሎቹን በባለሦስት አውታር ምስል አንድ በአንድ መርምረዋል። ያገኙትም የመስቀሎቹ ጥልቀት ተመሳሳይ፣ የመሮው አያያዝም የሠለጠነ መሆኑን ነው፤ በዚህም የተነሣ የሁለት ወይም የሦስት ጠራቢዎች ሥራ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለዋል። በየጊዜው ያለፈ ወታደር ሁሉ በያዘው ስለት ቢፋቅ ኖሮ አንዱ ጠልቆ፣ ሌላው ቆዳውን ብቻ ጭሮ፣ ሦስተኛው ተጣሞ እናገኘው ነበር። ዘመናቸውንም የገመቱት ወደ 15ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ያን ጊዜ የመስቀል ጦረኞች ከተማይቱን ከለቀቁ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏቸው፣ ኢየሩሳሌምን የሚገዟት የግብፅ ማምሉኮች ነበሩ።

ተመራማሪዎቹ የሚሰጡት ማብራሪያ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ተሳላሚ ለጠራቢው ከፍሎ ስለ ራሱና ስለ ዘመዶቹ ነፍስ መስቀል ያስቀርጽ ነበር የሚል ነው። ወደ ቅዱስ ስፍራ የሚሄድ ሰው የቤተሰቡን ስመ ክርስትና ጽፎ ለጸሎት እንደሚያስይዘው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ወረቀቱ ድንጋይ መሆኑ ብቻ ነው። ቦታውም ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ደረጃው የሚያወርደው ንግሥት እሌኒ መስቀሉን አገኘችበት ወደሚባለው ስፍራ ነው።

እናታችን ያሉትንም ሐሰት ብዬ አልጥለውም። «መስቀል ኃይላችን ነው» ብሎ ለሚጸልይ ክርስቲያን ነፍስን ማዳንና አጋንንትን ማራቅ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም። ሆኖም መስቀሎቹ በዋናነት ልመና እንጂ በር ጠባቂ ማኅተም ሆነው የተቀረጹ አይመስለኝም።

የእኛዎቹ መነኮሳት የሚኖሩበት ዴር ሱልጣን የሚገኘው በዚሁ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ነው። በግቢው መካከል ጉብ ብሎ የሚታየው ጉልላት የእሌኒ ጸሎት ቤት ጉልላት ስለሆነ፣ እነዚያን መስቀሎች ሳያዩ ከበላያቸው የቆሙ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም።

ተራ ተሳላሚ በገዛ እጁ የፋቀው ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጉ፣ በዋናው መግቢያ በር ግራና ቀኝ ያሉትን የእብነ በረድ ዓምዶች ይመልከቱ። በዚያ ያሉት ስሞችና መስቀሎች አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ብሎ፣ እርስ በርስ ተደራርበው የተጫሩ ናቸው።