እንሰትን «ሐሰተኛ ሙዝ» ማለት ይገባልን?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎች በተዘጋጀ ጽሑፍ ላይ «እንሰት የሙዝ ቤተሰብ የሆነ ሐሰተኛ ሙዝ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አነበብሁ። ባደግሁበት በጎጃም ግን በቅጠሉ ዳቦ የምንጋግርበትን ተክል ኮባ እንለዋለን፤ አዲስ አበባ ደግሞ የሙዝ ቅጠልም ኮባ ሲባል ሰምቻለሁ። ዐረፍተ ነገሩ ትክክል ነውን? ኮባስ የትኛው ነው?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት «ሐሰተኛ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ ሐሰተኛ የምንለው ለማሳሳት የቀረበውን ነው፤ ሐሰተኛ ምስክር፣ ሐሰተኛ ነቢይ፣ ሐሰተኛ ሰነድ እንላለን። እንሰት ግን በሙዝ ስም የቀረበ ተክል አይደለም። አገላለጹ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተወረሰ ሲሆን፣ መነሻውም ፍሬው ሙዝ መስሎ ሳለ በጠጣር ዘር የተሞላና ለመብል የማይመች መሆኑ ነው። እንሰት የሚተከለው ግን ለፍሬው ሳይሆን ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ ለሚገኙበት ግንዱና ሥሩ ስለሆነ፣ በፍሬው መመዘኑ ራሱ ተገቢ አይደለም። ተክሉን ምግባቸው ያደረጉት ሕዝቦችም በሲዳምኛ ዌሴ፣ በወላይትኛ ኡታ፣ በኦሮምኛ ወርቄ እያሉ በየራሱ ስም ይጠሩታል።

«የሙዝ ቤተሰብ የሆነ» የሚለውም አሰካኩ ተሳስቷል፤ አንድ ተክል የቤተሰብ አባል እንጂ ቤተሰብ ሊሆን አይችልምና። በሥነ ሕይወት ጽሑፍ ለዚህ የምደባ ደረጃ «አስተኔ» የሚል ቃል ስላለን፣ እኔ እርሱን እመርጣለሁ፤ ከአስተኔ በታች «ወገን»፣ ከወገን በታች «ዝርያ» ይከተላሉ። የሙዝ አስተኔ ትንሽ ነው፤ ወገኖቹ ሦስት ብቻ ናቸው። ከ70 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሙዝ፣ አሥር ዝርያ እንኳ የማይሞላው እንሰት፣ በደቡብ ምዕራብ ቻይና የሚበቅለውና አንድ ዝርያ ብቻ ያለው ሙሴላ ናቸው። ሙሴላ ደግሞ በዝምድናው ከሙዝ ይልቅ ለእንሰት ይቀርባል።

እንሰት ራሱን የቻለ ወገን መሆኑ የታወቀው ከረጅም ክርክር በኋላ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ተክሉን «ኤንሴቴ» ብሎ በሥዕል ሲያሳይ፣ ከሙዝ ጋር አንድ ነው የሚሉትን ተቃውሞ ነበር። በዓመቱ ግን ግሜሊን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በሙዝ ወገን ውስጥ መደበው። ወገኑ እ.ኤ.አ. በ1862 ለብቻው ቢሰየምም፣ ጉዳዩ እልባት ያገኘው ቺዝማን የተባለው የዕፀዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ባቀረበው ጥናት ነው። ልዩነቱን ገበሬም ያውቀዋል፦ ሙዝ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ራሱን ይተካል፤ እንሰት ግን አንድ ጊዜ አብቦ፣ አፍርቶ ይሞታል እንጂ በራሱ ስለማያቆጠቁጥ፣ ችግኝ የሚገኘው የወጣቱን ተክል እምብርት አውጥቶ ሥሩን በመቅበር ነው። በሕዋስ ውስጥ የዘር ባሕርይ በሚሸከሙት ክሮሞሶሞች ረገድም የእንሰት መሠረታዊ ቁጥር 9፣ የሚበሉት ሙዞች 11 ነው። ብሩስ የተከራከረለት ስም ከሀገራችን ቃል የተወሰደ ሆኖ ዛሬ የወገኑ ዓለም አቀፍ መጠሪያ ነው፤ ዓለም «ኤንሴቴ» እያለ ሲጽፍ የራሳችን ተማሪዎች «ሐሰተኛ ሙዝ» ብለው መማራቸው ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ «እንሰት ከሙዝ ጋር በአንድ አስተኔ የሚመደብ፣ የራሱ ወገን ያለው ተክል ነው» ተብሎ ቢታረም መልካም ነው። ዝንጅብል፣ እርድና ኮረሪማም ለእነዚህ የሩቅ ዘመድ ናቸው፤ ከአስተኔ በላይ ያለው የምደባ ደረጃ፣ ክፍለ መደባቸው፣ አንድ ሆኖ አስተኔያቸው ይለያል።

ኮባን በተመለከተ፣ በጎጃም የምትሉት ተክል እንሰቱ ራሱ ነው። ተክሉ በዚያ የሚፈለገው ለቆጮ ሳይሆን ለቅጠሉ በመሆኑ፣ ስሙ ከተክሉ ወደ ዳቦ መጋገሪያው ቅጠል ተሻገረ፤ የሙዝ ቅጠልም ያንኑ አገልግሎት ሲሰጥ ስሙን ተጋራ። በወጥ ቤት ሁለቱንም ኮባ ማለት ስሕተት የለበትም፤ ስለ ዕፀዋት ምደባ በሚጻፍበት ቦታ ግን ተክሉን እንሰት፣ ሙዙንም ሙዝ ብሎ መለየት ያስፈልጋል።